የትውውቅ ጨዋታዎች ሳጥን፦ ከአራት የአቀባበል ስብሰባዎች በኋላ የቀረበ ግምገማ

በየሦስት ወሩ አዳዲስ አባላትን የሚቀበል የንባብ ቡድን በማስተባበር የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ እንግዳው ሰው ተመልሶ መምጣት አለመምጣቱን ብዙ ጊዜ የሚወስነው በመጀመሪያው ቀን የመጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ላይ መሆኑን ነው። በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚያነጋግረው ሰው ካጣ፣ ከዚያ በኋላ የምናቀርብለት ውይይት ምንም ያህል ቢያምር ባይተዋርነቱን አያስረሳውም። ለዚህ ዓላማ የተዘጋጀ የትውውቅ ጨዋታዎች ሳጥን ገዝተን፣ ከ12 እስከ 24 ሰዎች በተገኙባቸው አራት ስብሰባዎች ላይ ሞክረነዋል።

በሳጥኑ ውስጥ በሦስት ቀለማት የተለዩ 90 የጥያቄ ካርዶች፣ «ሰው ፈልግ» የሚል ርዕስ ያላቸው 30 ወረቀቶች፣ የሁለት ደቂቃ የአሸዋ ሰዓት፣ አንድ ለስላሳ ኳስና ባለአራት ገጽ መመሪያ ይገኛሉ። ካርዶቹ ወፍራም በመሆናቸው በብዙ እጅ ቢገላበጡም አልተጎሳቆሉም፤ የመመሪያው ፊደል ግን ደቃቅ ነው።

ከሁሉ የላቀው ክፍል «ሰው ፈልግ» ነው። እያንዳንዱ ወረቀት አምስት በአምስት ሆነው በተደረደሩ 25 ቤቶች የተከፋፈለ ሲሆን፣ በየቤቱ «የሙዚቃ መሣሪያ የሚጫወት»፣ «ጎህ ሳይቀድ የሚነሣ»፣ «መንታ ሆኖ የተወለደ» የሚሉ መግለጫዎች ተጽፈውበታል። ተጫዋቹ እየተዘዋወረ ይጠይቃል፤ መግለጫው የሚመለከተውን ሰው ሲያገኝ ያስፈርመዋል፤ አንድ ሰው ግን በአንድ ወረቀት ላይ ከአንድ ጊዜ በላይ መፈረም አይችልም። ይህች የመጨረሻዋ ደንብ ትንሽ ብትመስልም የጨዋታው ምሰሶ ናት፤ ነባር አባላት እንደ ልማዳቸው እርስ በርስ ተፈራርመው ወረቀታቸውን እንዳይሞሉ የምትከለክላቸው እርሷ ናትና። ዓይን አፋር ሰው የማያውቀው ሰው ፊት ለመቆም ምክንያት ያስፈልገዋል፤ ወረቀቱ ያንን ምክንያት በእጁ ያስይዘዋል።

በሁለተኛው ስብሰባ ላይ አንዲት አዲስ አባል ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። አንድ ነባር አባል ወረቀቱን ይዞ ቀረበና «ጎህ ሳይቀድ የሚነሣ ሰው አጥቼ ነው፤ እርስዎ ይሆኑ?» አላት። እርሷም ለዓመታት የሌሊት ፈረቃ ስትሠራ እንደኖረች፣ ጎህ ሲቀድ የምትተኛ እንጂ የምትነሣ እንዳልነበረች ነገረችው፤ ሁለቱም ሳቁ። ትንሽ ቆይቼ ዞር ስል ቦርሳዋ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ እርሷ ደግሞ እስክሪብቶ ይዛ በሌላኛው ጥግ ሰው ትጠይቃለች።

በኳሱ የሚካሄደው የስም ጨዋታም ይጠቅማል፤ መመሪያው በሚያዘው መንገድ ግን አይደለም። መመሪያው ሁሉም ክብ ሠርቶ እንዲቆም፣ እያንዳንዱም ከእርሱ በፊት የተነገሩትን ስሞች ሁሉ ከጠራ በኋላ የራሱን እንዲጨምር ያዛል። በዚህ አካሄድ አሥራ አምስተኛው ሰው አሥራ አራት ስሞችን ተሸክሞ መጠበቅ አለበት፤ ተራው በቀረበ ቁጥርም ሐሳቡ በራሱ ንግግር ስለሚያዝ ከጎኑ ያለው ሰው የተናገረው ስም በጆሮው ያልፋል። ማልኮም ብሬነር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ በተራ የሚናገሩ ሰዎች በተለይ የሚዘነጉት የራሳቸው ተራ ሊደርስ ሲል የተነገረውን መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ ተራውን ትተን ኳሱን ወደ ፈለግነው ሰው መወርወር ጀመርን፤ ወርዋሪው የተቀባዩን ስም ይጠራል፣ ካላስታወሰ ያለ ሐፍረት ይጠይቃል። ስም የሚጸናው ደጋግሞ በመስማት ብቻ ሳይሆን ከትውስታ ፈልጎ በማውጣት በመሆኑ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ከተጫወትን በኋላ ብዙዎቹ ያለ ስህተት ይጠራሩ ነበር።

«ሁለት እውነት፣ አንድ ውሸት» የሚባለውን የታወቀ ጨዋታ ሁለት ጊዜ ሞክረን ትተነዋል። ለሚተዋወቁ ሰዎች አስደሳች ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ግን ነባሮቹ አንዳቸው ስለሌላቸው ሲገምቱ አዲሶቹ ተመልካች ሆነው ይቀራሉ።

ዋናው ቅሬታዬ በሰማያዊዎቹ ካርዶች ላይ ነው። ቢጫዎቹ ስለ ልማድና ስለ ምርጫ የሚጠይቁ ቀላል ጥያቄዎች ናቸው፤ አረንጓዴዎቹ ገጠመኝ ያስተርካሉ፤ ሰማያዊዎቹ ደግሞ ወደ ሰው ልብ ውስጥ ይገባሉ። ጥያቄን ደረጃ በደረጃ ማጥለቅ በራሱ ጥፋት የለበትም። አርተር አሮንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት የታወቀ ጥናት፣ የማይተዋወቁ ሰዎች እየጠለቁ የሚሄዱ 36 ጥያቄዎችን ለ45 ደቂቃ ያህል ሲጠያየቁ መቀራረባቸው ታይቷል። እነዚያ ሰዎች ግን ሁለት ሁለት ሆነው ነበር፤ አንዱ ሲገልጽ ሌላውም በተራው ይገልጻል። ይህ ሳጥን መጥለቁን ወስዶ ጥንድነቱን ትቶታል። መመሪያው ሰማያዊውን ካርድ በሁሉም ፊት ጮክ ብሎ አንብቦ መመለስን ይጠይቃል።

በመጀመሪያው ስብሰባችን አንድ በዕድሜ የገፉ አዲስ አባል «በሕይወትዎ ያጡት ትልቁ ነገር ምንድን ነው?» የሚል ካርድ ደረሳቸው። ካርዱን አንብበው ገለበጡት፣ እንደገና ቀና አደረጉት፤ አሸዋው እየወረደ ሃያ ሰው ዓይኑን እርሳቸው ላይ ተክሎ ይጠብቃል። እኔም ቶሎ ጣልቃ ገብቼ ጥያቄውን ባለመለወጤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ሞት፣ ስለ ትዳርና ስለ ሕመም የሚጠይቁትን 11 ካርዶች ከሳጥኑ አውጥተናል።

የአሸዋ ሰዓቱም ቢሆን ቦታው ጥንድ ውይይት ነው። ሃያ ሰው በክብ ተቀምጦ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ደቂቃ ቢናገር 40 ደቂቃ ይፈጃል፤ አንዱ ሰው ሁለቱን ደቂቃ ተናግሮ 38ቱን ዝም ብሎ ያዳምጣል። ሁለት ሁለት ሆነው ከተቀመጡ ግን አሸዋው ሁለት ጊዜ ሲገለበጥ ሁሉም ተናግሯል፣ ሁሉም ተደምጧል። ከዚያ ቦታ ተለዋውጠው ከሌላ ሰው ጋር ይቀጥላሉ። ሃያ ሰዎች 190 ጥንድ ስለሚሆኑ ሁሉንም በአንድ ቀን ማዳረስ አይቻልም፤ ነገር ግን አንድ አዲስ አባል ከአራት ሰዎች ጋር በወጉ ተነጋግሮ ቢሄድ በቂ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሳጥኑን ለመግዛት የሚያስብ አስተባባሪ ቢጫዎቹንና አረንጓዴዎቹን ካርዶች በጥንድ፣ «ሰው ፈልግ»ን ደግሞ ለመክፈቻ ቢጠቀምባቸው ገንዘቡ በከንቱ አይወጣም። ወረቀቶቹ የሚያገለግሉት አንድ ጊዜ ብቻ በመሆኑ ሳይሞሉ በፊት ፎቶ ኮፒ ማስነሣት ይገባል። እጅ ለእጅ ተያይዞ ተጠላልፎ መፈታትን የሚጠይቀውን ተጨማሪ ጨዋታ ግን አልመክርም፤ በማያውቁት ሰው መነካትን የማይፈልግ፣ ወይም ሰውነቱ ለመጎንበስና ለመሽከርከር የማይታዘዝለት ሰው በመጀመሪያው ቀን ይህን በሁሉ ፊት ለማስረዳት ሊገደድ አይገባም።

በመመሪያው አራት ገጾች ውስጥ ተጫዋቹ ጥያቄን ሳይመልስ ማለፍ እንደሚችል የሚገልጽ አንድም መስመር የለም። እኛ በነጭ ካርድ ላይ «ልለፍ» ብለን ጽፈን፣ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ለሁሉም አንዳንድ እናድላለን። ባለፈው ስብሰባ ካርዱን መጀመሪያ ያነሡት ነባር አባል ነበሩ፤ ከጎናቸው የተቀመጠው አዲስ ልጅ ያንን አይቶ የራሱን ካርድ ወደ ኪሱ ከተተና የደረሰውን ጥያቄ መመለስ ጀመረ።