ለፌሎሺፕ አማካሪዬ ምስጋና፣ ለመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ጥቆማ

በዩኒቨርሲቲያችን የፌሎሺፕ ቢሮ የሚሠሩትን አማካሪ በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ይቆጨኛል። የመጀመሪያ ዲግሪዬን ሳልጨርስ፣ ለዶክትሬት ማን እንደሚቀበለኝ እንኳ ሳይታወቅ፣ የአሜሪካው ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ለድኅረ ምረቃ ተመራማሪዎች የሚሰጠውን ድጋፍ አገኘሁ። ከ1952 ጀምሮ የሚሰጠው ይህ ፌሎሺፕ ለሦስት ዓመት፣ በየዓመቱ 37,000 ዶላር ለተማሪው፣ 16,000 ዶላር ደግሞ ለሚማርበት ተቋም ይከፍላል። ለማመልከት ዜጋ መሆን ግዴታ አይደለም፤ ግሪን ካርድ ይበቃል። ይህን ሳያውቁ የሚያልፋቸው የእኛ ልጆች ያሳዝኑኛል።

የእኔ ጉዳይ ውኃ ነው። በስምጥ ሸለቆ ያሉ ዘመዶቼ የሚጠጡት የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት የልጆቹ ጥርስ በልዟል። ለማጣሪያነት የሚያገለግለው የአጥንት ከሰል ፍሎራይድን እንዴት እንደሚይዝ ማጥናት ፈለግሁ። አማካሪዬ ኬሚስት አይደሉም፤ ረቂቄን ግን እርሳስ ይዘው ቃል በቃል አነበቡት። «በሽታውን ለመከላከል» የሚለው ሐረግ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉና የፋውንዴሽኑን መመሪያ ከፍተው አሳዩኝ። በሽታ ላይ ያነጣጠረ ጥናት በዚህ ፌሎሺፕ አይደገፍም፤ ማመልከቻው ሳይገመገም ሊመለስ ይችላል። ከዚያ «ፍሎራይዱ ከሰሉ ላይ የሚጣበቀው ለምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝና የምመልሰውን ሁሉ እየሰሙ ማስታወሻ ያዙልኝ። ሁለት ገጹ የምርምር ዕቅዴ የተጻፈው ከዚያ ማስታወሻ ነው።

ገምጋሚዎቹ የሚመዝኑት የጥናቱን ሳይንሳዊ ብቃት ብቻ ሳይሆን ለኅብረተሰቡ የሚሰጠውንም ጥቅም ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ልጆችን ሒሳብ እንደማስጠና አማካሪዬ የሰሙት በጨዋታ መካከል ነበር፤ ወዲያው በሦስት ገጹ የግል መግለጫዬ ውስጥ እንዲገባ አደረጉ። ለድጋፍ ደብዳቤ ጸሐፊዎቼም ዕቅዴን በአንድ ገጽ አጠቃልዬ አስቀድሜ እንድሰጣቸው መከሩኝ። መምህሮቼ ስለ እኔ በዝርዝር መጻፍ የቻሉት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። እድሜና ጤና ይስጥልኝ!

የመጨረሻ ዓመት ላይ ያላችሁ፣ «ዶክትሬት ስጀምር አመለክታለሁ» አትበሉ። የድኅረ ምረቃ ተማሪ ማመልከት የሚችለው አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ በመጀመሪያ ዲግሪ ሳላችሁ ያመለከታችሁት ያንን ዕድል አይወስድባችሁም። ማመልከቻው የሚዘጋው በመኸር ስለሆነ ሥራው በክረምት ዕረፍቱ፣ ሦስተኛ ዓመት እንዳለቀ ቢጀመር ይሻላል።

ድርሰት ለማረም ገንዘብ ለሚጠይቁ ሰዎች ከመክፈላችሁ በፊት ዩኒቨርሲቲያችሁ እንዲህ ያለ ቢሮ እንዳለው አጣሩ። ስሙ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ አንዳንዱ ጋ የስኮላርሺፕ ቢሮ ይባላል። የእኛው ለተማሪ በነጻ ያገለግላል፤ አማካሪዬም ያልተጠናቀቀ ረቂቅ ይዞ የመጣን ተማሪ በደስታ ይቀበላሉ።