ቴርማል ካሜራ ይዞ ለመጣ ሁሉ ውል አትፈርሙ

«ቤታችሁን በቴርማል ካሜራ አይተን ሙቀት የሚያመልጥበትን ቦታ እናሳያችኋለን» የሚል ሰው ደውሎላችሁ ከሆነ፣ ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። እኔ ከፍዬ ነው የተማርኩት። ካሜራው ራሱ ጥሩ መሣሪያ ነው፣ ከሱ ጋር ጠብ የለኝም። ነገር የሚበላሸው ፎቶ አንሺውና መፍትሄ ሻጩ አንድ ሰው ሲሆኑ ነው።

የኋላኛው ክፍላችን አልሞቅ ብሎ አስቸግሮን ነበር። ማሞቂያው ቀን ከሌት ይሠራል፣ ሒሳቡ በየወሩ ይጨምራል፣ እናቴ ግን እዚያ ክፍል ብርድ ልብስ ተከናንባ ነው የምትውለው። አንድ ድርጅት «ምርመራው በነጻ ነው» አለን። የመጣው ልጅ ትሁት ነበር፣ ስልክ ላይ የምትሰካ ትንሽ ካሜራ ይዟል። ሰዓቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ነው፣ ፀሐዩ ጠራራ። 20 ደቂቃ ያህል ቤቱን ዞረና ወደ ውጭ አወጣን፤ በስክሪኑ ላይ የምዕራቡን ግድግዳ ሲያሳየን እንደ ፍም ቀልቷል። «ይኸው፣ ገንዘባችሁ በዚህ በኩል ነው የሚወጣው» አለ። እናቴ ክው አለች። በማግስቱ ግድግዳው በሙሉ ኢንሱሌሽን፣ ማለትም ሙቀት እንዳያመልጥ የሚያግድ መሙያ፣ እንዲሞላ ውል ፈረምን፣ ግማሹንም በቀብድ ከፈልን።

ሥራው አለቀ፣ ቀሪውንም ከፈልን። ብርዱ ግን እንዳለ ነው። ሒሳቡም ያው።

ሪፖርቱን ቁጭ ብዬ ማየት የጀመርኩት ያኔ ነው። መጀመሪያ ማየት የነበረብኝን ነገር መጨረሻ ላይ አየሁት።

ብዙ ሰው ይህ ካሜራ ግድግዳ ሰንጥቆ ውስጡን የሚያይ ይመስለዋል። አያይም። የሚለካው ከግድግዳው ገጽ የሚወጣውን ኢንፍራሬድ ጨረር ነው፣ ከዚያ ተነስቶ የገጹን ሙቀት ያሰላል። በቃ ይኸው ነው። ገጹ ለምን ሞቀ፣ ለምን ቀዘቀዘ የሚለውን የሚመልሰው ሰው ነው፣ ካሜራው አይደለም። የኛ ግድግዳ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ፀሐይ ይመታዋል። ፀሐይ ሲመታው የዋለ ግድግዳ ከውስጥ ምንም ሙቀት ባይወጣበት እንኳ ቀይ ሆኖ ነው የሚታየው፤ ድንጋይና ጡብ ደግሞ ፀሐይ ከጠለቀ በኋላም ለሰዓታት ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ይህ ምርመራ ከውጭ የሚደረግ ከሆነ ሌሊት አምሽቶ ወይም ፀሐይ ሳትወጣ በማለዳ ነው መሆን ያለበት። ቀን በጠራራ ፀሐይ የውጭ ግድግዳ ፎቶ አንስቶ «ሙቀት እየወጣ ነው» የሚላችሁን ሰው አመስግናችሁ ሸኙት።

ሌላው ደግሞ የውስጥና የውጭ ሙቀት ልዩነት ነው። ሙቀት የሚሄደው ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ነው፣ ልዩነት ከሌለ ምንም የሚታይ ነገር የለም። በሙያው የተለመደው ቢያንስ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ልዩነት እንዲኖር፣ ያም ለሰዓታት እንዲቆይ ማድረግ ነው። ልጁ በመጣበት ሰዓት ውጭው ከውስጡ ብዙም አይለይም ነበር። ማሞቂያው መብራቱን እንኳ አልጠየቀንም።

ቀለሙ ግን ከሁሉም የበለጠ ያታልላል፣ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ። በያንዳንዱ ፎቶ ጠርዝ ላይ የቀለም መለኪያ አለ፣ ከላይ ከፍተኛው፣ ከታች ዝቅተኛው ቁጥር የተጻፈበት። የእናቴን ክፍል ጥግ የሚያሳየው ፎቶ ድብን ያለ ሰማያዊ ነበር፣ በረዶ የጋገረ ነው የሚመስለው። ቁጥሮቹን ሳያቸው ዝቅተኛው 20.4፣ ከፍተኛው 21.9። ልዩነቱ 1.5 ዲግሪ ብቻ! ካሜራው በራሱ ሲመጥን ያገኘውን ልዩነት፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ከሰማያዊ እስከ ቀይ ዘርግቶ ነው የሚቀባው። የክፍል ጥግ ደግሞ አየር እንደ ልብ ስለማይዞርበት በጤነኛ ቤትም ቢሆን ከግድግዳው መሃል ትንሽ ይቀዘቅዛል። ያን ፎቶ በ10 እና በ25 መካከል አድርገው ቢያሳዩን ኖሮ አንድ ወጥ ቀለም ነበር የሚሆነው፣ እኛም አንደነግጥም ነበር። ፎቶ ሲያሳዩአችሁ ከቀለሙ በፊት ቁጥሩን እዩ።

የመስኮቱ ፎቶ ላይ ደግሞ መሃል ላይ ሞቅ ያለ ነገር አለ፣ ሪፖርቱ «የሙቀት ብክነት» ብሎ ከቦበታል። ደጋግሜ ሳየው ትከሻ አለው፣ ጭንቅላት አለው። የልጁ የራሱ ነጸብራቅ ነው። መስታወት ለዚህ ካሜራ ግልጽ አይደለም፣ ከፊት ለፊቱ የቆመውን ሰው ሙቀት መልሶ ያንጸባርቃል። የተወለወለ ብረትና አልሙኒየም የባሰ ነው፤ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ኢሚሲቪቲው (የራሱን ሙቀት በጨረር የመልቀቅ አቅሙ፣ ከ0 እስከ 1 የሚለካ) 0.9 እና ከዚያ በላይ ሲሆን የተወለወለ አልሙኒየም ግን ከ0.1 በታች ሊወርድ ይችላል፣ ስለዚህ ካሜራው የሚያነበው የብረቱን ሳይሆን የአካባቢውን ሙቀት ነው። ይህን ለይቶ የማያውቅ ሰው ቤታችሁን መርምሮ ምን ይነግራችኋል?

ልጁ ሆን ብሎ ያታለለን አይመስለኝም፣ ምናልባት በቅጡ ያሠለጠነውም የለም። ካሜራ አስይዞ፣ ውል አሸክሞ የላከውን ድርጅት ግን ይቅር ለማለት ይከብደኛል።

በኋላ ኢንሱሌሽንም ማሞቂያም የማትሸጥ፣ ለምርመራው ብቻ የምታስከፍል ባለሙያ አገኘን። ገና ስልክ ላይ «ማታውን ማሞቂያ እንዳታጠፉ፣ መስኮት እንዳትከፍቱ» አለችን። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ መጣች። ዋናው በር ላይ ትልቅ ማራገቢያ በሸራ ገጥማ አየሩን ወደ ውጭ ማስወጣት ጀመረች፣ የቤቱ ግፊት ከውጭው በ50 ፓስካል እስኪያንስ ድረስ። እንዲህ ሲደረግ ቀዝቃዛ አየር ባገኘው ቀዳዳ ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ካሜራው ላይ እንደ ጣት የተዘረጋ ጥቁር ሰማያዊ ጭረት ሆኖ ይታያል። ወደ ጣሪያ የሚያስወጣው የኮርኒስ ክዳን አራቱም ጠርዙ እንደዚያ ሆኖ ታየ። ቁም ሳጥኑ ጀርባ የውሃ ቧንቧ የሚገባበት ቀዳዳም እንዲሁ፤ እጄን ሳስጠጋ ነፋሱ ተሰማኝ። ክዳኑን በጎማ፣ ቀዳዳውን በፎም ደፈንነው። እናቴ አሁን ያለ ብርድ ልብስ ነው የምትቀመጠው።

ስለ ግድግዳው ስጠይቃት አሁን ደህና ነው አለች፤ ድሮስ ደህና ነበር ወይ ስላት ግን መልስ አልነበራትም፣ ምክንያቱም ከሥራው በፊት በትክክለኛው ሰዓት የተነሳ ፎቶ የለም። ይሄ በጣም ነው ያናደደኝ።

ሰማያዊ ነገር አሳይተው «ግድግዳው ውስጥ ውሃ አለ» የሚሉም አሉ። እርጥብ ቦታ ውሃው ሲተን ስለሚቀዘቅዝ በርግጥ ሰማያዊ ሊሆን ይችላል፣ ነፋስ የሚገባበት ቦታም ግን እንደዚያው ነው። በእርጥበት መለኪያ ሳይነካ ግድግዳ እንዳታስፈርሱ።

ስለ ካሜራውም ጠይቁ። 80 በ60 የሆነ ካሜራ 4,800 ነጥብ ብቻ ነው ያለው፣ 320 በ240 የሆነው ግን 76,800። በትንሹ ካሜራ ከሩቅ ሲነሳ ቀጭን ስንጥቅ ከግድግዳው ጋር ተደባልቆ ይጠፋል። ሪፖርቱ ላይ የተነሳበት ሰዓት፣ የውስጥና የውጭ ሙቀት፣ ነፋስና ፀሐይ እንዴት እንደነበረ ካልተጻፈ እሱ ሪፖርት አይደለም። የፎቶዎቹን ዋና ፋይልም ተቀበሉ፣ ሙቀቱ በያንዳንዱ ነጥብ የተመዘገበበትን ማለቴ ነው፤ እሱ ካለ ሌላ ባለሙያ ከፍቶ መለኪያውን ቀይሮ ሊያየው ይችላል። እኛ የተሰጠን የታተመ ወረቀት ብቻ ነው። ዋናውን ፋይልም ገንዘቡንም እንዲመልሱ በጽሁፍ ጠይቄአለሁ፣ የሚሉትን ስሰማ እነግራችኋለሁ።