ዘጠኝ ወር ከቲንክፓዴ ጋር፦ ያ «የማይታወቅ» መልእክት ምን ነበር?

ያገለገለ የሌኖቮ ቲንክፓድ ላፕቶፕ ነው የገዛሁት። አዳማ ውስጥ፣ ሊኑክስ የሚባለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ጭኜበት፣ ዘጠኝ ወር ሙሉ እንጀራዬን በሱ በልቻለሁ። ኪቦርዱን እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ስጽፍ ብውል ጣቴ አይደክምም። ማጠፊያው አልላላም። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ፋኑ ይጮሃል፤ አቧራውም ቀላል ስላልሆነ በየሦስት ወሩ ከፍቼ በብሩሽ አጸዳዋለሁ። ስክሪኑና ድምፁ ለሥራ ይበቃሉ።

ረዘም አድርጌ መጻፍ የፈለግኩት ግን ስለ አንድ መልእክት ነው። በሱ ምክንያት ላፕቶፑን ልሸጠው ትንሽ ነው የቀረኝ።

በገዛሁ በሁለተኛው ሳምንት የከርነሉን (የሊኑክስ እምብርት የሆነውን ክፍል) ሎግ፣ ማለትም የክስተት መዝገቡን፣ ከፈትኩ። የቲንክፓዱ ድራይቨር (ሊኑክስን ከላፕቶፑ ዕቃዎች ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) «የማላውቀው ክስተት፣ 60ቢ0» እያለ ደርድሮታል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ 60ቢ1። ከሥሩ ይህ ሲከሰት ምን ሁኔታ እንደነበር እባክዎ ያሳውቁን የሚል ልመና አለ። ሁሌም ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚመጡት።

ደነገጥኩ። የድራይቨሩን ሰነድ ስመለከት እንደነሱ በ60 ከሚጀምሩት ቁጥሮች ውስጥ የሙቀት ማስጠንቀቂያዎች አሉ። 6011 ባትሪው ከመጠን በላይ ሞቋል ማለት ነው። 6021 ደግሞ አንዱ ሴንሰር በጣም ሞቋል። የጫንኩት በፍላሽ ያገኘሁት የቆየ ከርነል ስለነበር፣ በሰነዱ ውስጥ 60ቢ0ን የሚገልጽ ነገር አላገኘሁም። አዳማ ላይ ደግሞ ሙቀትን መጠርጠር ይቀላል። ፍራንኮ አካባቢ ያሳየሁት ጠጋኝ «ወንድሜ፣ ማዘርቦርዱ ሊሄድ ነው። ሳይሞትብህ ሽጠው» አለኝ።

አልሸጥኩትም። ደብተር ያዝኩ። ሰዓቱን፣ ቻርጀሩ መሰካት አለመሰካቱን፣ የሲፒዩውን ሙቀት እየመዘገብኩ አሥር ቀን ቆየሁ። 45 ዲግሪም ሆነ 80 ለውጥ የለውም። ቻርጀሩም አያገባውም። ግን ምሳ ልበላ ስሄድ ሎጉ ዝም ይላል። ሌሊት በርቶ ሲያድር አንዲት መስመር አትጨመርም።

መልሱ የመጣው መብራት በጠፋበት ምሽት ነው። ሎጉን በቀጥታ እያየሁ ነበር። ከላፕቶፑ ማዶ ያለውን ስልኬን ላነሳ እጄን በኪቦርዱ አናት አሳለፍኩ። አንድም ቁልፍ አልነካሁም። 60ቢ0 ብቅ አለ። እጄን ሰበሰብኩ፤ 60ቢ1። መዳፌን ከቁልፎቹ ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጌ ያዝኩት፤ 60ቢ0። አነሳሁት፤ 60ቢ1። አሥር ጊዜ ሞከርኩ፣ አሥሩንም ጊዜ መለሰልኝ። ስልኩን ማንሳቱንም ረሳሁት።

በማግስቱ የአዲሱን ከርነል የድራይቨር ኮድ አወረድኩ። እዚያ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል፦ 60ቢ0 መዳፍ ኪቦርዱ ላይ ሲያንዣብብ፣ 60ቢ1 መዳፉ ሲነሳ። የመዳፍ ሴንሰር ነው! አብሮት የሚጠቀስ ሌላም አለ፤ ላፕቶፑ ጭን ላይ ይሁን ጠረጴዛ ላይ የሚለይ። ሲም ካርድ የሚወስድ ሞደም ባላቸው ላፕቶፖች ላይ፣ ሞደሙ በሙሉ ኃይሉ ያስተላልፍ ወይስ ይቀንስ የሚለውን ለመወሰን ይረዳሉ። ሰው አጠገቡ ካለ መቀነስ አለበት። የጭኑ ሴንሰር ለሙቀት አያያዝም ያገለግላል፤ ጭን ላይ ያለ ላፕቶፕ ጠረጴዛ ላይ እንዳለው እንዲግል አይፈለግም።

እና ፈርምዌሩ (ላፕቶፑ ውስጥ ከፋብሪካው የተጫነው ፕሮግራም) ሥራውን በትክክል እየሠራ ነበር። የኔ የቆየ ድራይቨር ነው ቃሉን ገና ያልተማረው። ከርነሉን ሳሳድስ ሎጉ ጸዳ። አሁን «ፓልምሴንሰር» የሚባል ፋይል አለኝ፤ መዳፌ ሲኖር 1፣ ሲነሳ 0 ይላል።

ያገለገለ ቲንክፓድ ልትገዙ ሄዳችሁ ሎጉ ላይ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ካያችሁ፣ ማንም ማዘርቦርድ ብሎ ሳያስፈራራችሁ እጃችሁን በኪቦርዱ ላይ አሳልፋችሁ እዩ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ትናንት ማታ አልጋ ላይ፣ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ የሌላኛውን ሴንሰር ፋይል ከፈትኩ። 1 ይላል። ተነስቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ትንሽ ጠበቅኩ። 0።