ቤት ውስጥ የታደሰ አሎይ ቸርኬ፦ ከ9 ወር በኋላ ምን ቀረ?

የሚገመገሙት የቪትዝ ባለ 14 ኢንች አራት አሎይ ቸርኬዎች ናቸው። አሮጌ ናቸው፤ ጠርዛቸው በእግረኛ መንገድ ድንጋይ ተፍቋል፣ ቀለማቸውም እዚህም እዚያም ተነስቷል። የካቲት ላይ በቆርቆሮ ስፕሬይ ተቀቡ፣ የአዲስ አበባን ክረምት አለፉ፣ ህዳር ሲገባ ወደ 11,000 ኪሎ ሜትር ሄደዋል። ዝግጅቱም ቀለሙም ለአራቱ አንድ ነው። ልዩነቱ ክሊሩ (ከቀለሙ በላይ የሚረጨው ቀለም አልባ ሽፋን) ላይ ብቻ ነው፦ ሁለቱ ተራ ክሊር፣ ሁለቱ ባለ ሀርደነር (ማጠንከሪያ ኬሚካል ያለው) ክሊር ተረጩ። የፍሬን ሸራ ትቢያ ከፊት ስለሚበዛ ከሁለቱም ዓይነት አንድ ከፊት፣ አንድ ከኋላ ገባ።

ባለ ሀርደነሮቹ እስካሁን ሲታጠቡ ያበራሉ። ተራዎቹ በሦስተኛው ወር ገደማ ደበዘዙ፤ ከፊት ያለው ትቢያው ገብቶበት ቡኒ ነጠብጣብ ይዟል፣ በውሃና በላርጎ አይለቅም። ላቫጆ ላይ ሬንጅ ለማስለቀቅ ቤንዚን በነካ ጨርቅ ሲታሽማ ክሊሩ ራሱ ለስልሶ ጨርቁ ላይ ቀረ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ተራው ክሊር የሚደርቀው ቲነሩ ስለተነነ ብቻ ነው፤ ቲነር ወይም ቤንዚን ሲያገኝ መልሶ ይሟሟል። ባለ ሀርደነሩ ግን ከሀርደነሩ ጋር ተዋህዶ ስለሚጠነክር ወደ ኋላ አይመለስም።

ቀለም ከመግዛት በፊት ግን ቸርኬው መሰንጠቁን ማየት ይቀድማል፤ ጉድጓድ ላይ የወደቀ ቸርኬ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰነጠቀው በማይታየው የውስጥ ጠርዝ ነው። ጎማው ወልቆ፣ ቸርኬው በደንብ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ጠርዙን ነጭ ጋዝ ይቀቡታል፤ 30 ደቂቃ ጠብቀው ሙልጭ አድርገው ይጠርጉትና የተፈጨ ጠመኔ ይነሰንሱበታል። ስንጥቅ ካለ የገባው ጋዝ ተመልሶ ይወጣና ነጩ ጠመኔ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ያሰምራል። መስመር ከታየ ስቱኮም (ጭረት መሙያው ሊጥ) ቀለምም አያድነውም፣ ይጣላል። የተጣመመም ቤት ውስጥ የሚቃና አይደለም። ፊቱ በማሽን ተልጎ የሚያብረቀርቅ ቸርኬም ቤት ውስጥ ወደ ቀድሞው አይመለስም፤ አንድ ወጥ ቀለም መሆኑን መቀበል ነው።

የተነሳው ቀለም በ120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፤ ጠርዙ በጣት ሲዳሰስ ደረጃ እስኪያጣ ድረስ በ240፣ ከዚያ በ400 በውሃ። ከቀለሙ ሥር እንደ ትል የሚሄድ ነጭ መስመር (የአሉሚኒየም ዝገት) ካለ እስከ መጨረሻው ተከትሎ መፋቅ ግድ ነው፤ የቀረች ቅንጣት ከወራት በኋላ አዲሱን ቀለም ታነሳለች። ስቱኮ ለጭረት ብቻ ነው፤ ለ100 ግራም 2 ግራም ያህል ሀርደነር። ካነሰ አይደርቅም፣ ወረቀቱን ይደፍነዋል፤ ከበዛ ቀለሙን ሰርስሮ እድፍ ይሆናል።

ባዶ አሉሚኒየም ላይ ለብረት የተሠራ ተራ ፀረ ዝገት አይይዝም፤ በጥፍር ይላጣል። የሚሆነው ኢፖክሲ ወይም አሲድ ያለበት ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚረጭ መያዣ) ነው፤ ስቱኮ የነካው ቸርኬ ከሆነ ኢፖክሲው ይሻላል፣ ስቱኮና አሲድ አይስማሙምና። በ400 ሚሊ ሊትር ቆርቆሮ ለአራቱ 2 ፕራይመር፣ 3 ሲልቨር፣ 2 ክሊር ይበቃል። ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ ስስ ስስ አድርጎ ሦስት ጊዜ፣ በየመሀሉ 10 ደቂቃ። ዝናብ ባዘለ አየር ከተረጨ ክሊሩ ወተት መስሎ ይነጣል፤ ክረምት ላይ አለመጀመር ነው። የባለ ሀርደነሩ ቆርቆሮ ሥሩ ያለው ቁልፍ ከተጫነ በኋላ ውስጡ መጠንከር ስለሚጀምር ቸርኬዎቹ ሳይሰለፉ አይነካም። ጭሱ ለሳንባ ክፉ ነው፤ የጨርቅ ማስክ ዋጋ የለውም፣ የኬሚካል ማጣሪያ ያለው ማስክ ያስፈልጋል፣ ሥራውም ደጅ ነው።

ቸርኬው ከመኪናው ጋር የሚገጥምበት ጀርባና ዳዶው የሚቀመጥበት ጉድጓድ ቀለም አይነካቸውም። እዚያ ያለ ቀለም ሲጨፈለቅ ዳዶው ይላላል። ለቪትዝ ማጥበቂያው 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ይፈተሻል።

ከባለ ሀርደነሮቹ አንዱም ነውር አላጣም። ክሊሩ በተረጨ በሦስተኛው ቀን ጎሚስታ ቤት ሄዶ ጎማው ሲገባ የማውለቂያው ብረት ከጠርዙ የጥፍር ያህል ቀለም ላጠ፤ ክረምቱ ሲወጣ ከዚያች ቦታ ነጩ ትል ሁለት ሴንቲ ሜትር ሄዷል። ጥፋቱ የችኮላ ነው። ሳምንት ሙሉ መቆየት ነበረበት፣ ብረቱም ፕላስቲክ መከላከያ ይፈልጋል። ቦታዋ ተፍቃ ብቻዋን ትጠገናለች። የተራ ክሊሮቹ ግን አይጠገኑም፦ ያረጀ ተራ ክሊር ላይ ባለ ሀርደነሩ ሲረጭ ሥሩን አነቃንቆ ሊያጨማድደው ስለሚችል፣ ሁለቱም እስከ ፕራይመር ተፍቀው ከሲልቨሩ ይጀመራሉ።