የታወቀ ዘፈን ወይስ የራስ ቅጂ? ለሰርግ ቪዲዮ
ሐዋሳ ላይ ሰርግ ኤዲት ሳደርግ ሙሽሮች ቀድመው የሚያነሱት የሚወዱትን ዘፈን ነው። እውነታቸውን ነው። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ላይ ቬሎው በነፋስ ሲነሳ ያ ድምፅ ሲገባበት እንባ ያመጣል። ጣጣው ዩቲዩብ ላይ ሲጫን ነው። ባለመብት ያላቸውን ዘፈኖች በራሱ የሚለየው የዩቲዩብ ሥርዓት፣ ኮንቴንት አይዲ፣ ዘፈኑን ከለየው ቪዲዮው ሊታገድ ወይም የማስታወቂያ ገቢው ለባለመብቱ ሊሄድ ይችላል። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996ም አለ።

እኔ ኪቦርድ ተጫዋች ቀጥሮ ነባር የሰርግ ዜማ ማስቀዳትና በጽሑፍ መዋዋልን እመርጣለሁ። ወጪው ከፍ ይላል፣ ግን ለእስክስታው ምቱን እንደ ቪዲዮው ቆርጬ አስተካክላለሁ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ዜማው የሕዝብ ቢሆንም ሌላ ሰው የቀዳው ቅጂ ባለቤት አለው።

አንዲት እናት የልጃቸውን ቪዲዮ ስልካቸው ላይ ከፍተው፣ ልክ ጭፈራው ሲደምቅ በዘፈኑ የቅጂ መብት ምክንያት ድምፁ ጠፋባቸው። ስልኩን ደጋግመው ጆሯቸው ላይ አደረጉት።