ፐብ ሲገመገም፦ ላይብረሪዎች በስሪት ሳይስማሙ ሲቀሩ ምን ያህል ይረዳል?

ፍላተር በተባለው የመተግበሪያ መሥሪያ የሚሠራ መተግበሪያ በአማርኛ እንዲያገለግል የሚፈልግ ፕሮግራመር ውሎ አድሮ ኢንትል ከሚባለው ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈው ካዘጋጁት የኮድ ስብስብ) ጋር መጋጨቱ አይቀርም። ኢንትል የቀንና የቁጥር አጻጻፍን በየቋንቋው ልማድ የሚያዘጋጅ ላይብረሪ ነው። አማርኛን ከሚደግፋቸው ቋንቋዎች አንዱ ያደረገውና ከፍላተር ጋር አብሮ የሚመጣው ፍላተር ሎካላይዜሽንስም የሚሠራው በእርሱ ላይ ተመሥርቶ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ፍላተር የሚፈልገውን የኢንትል ስሪት በአንድ ቁጥር ብቻ ቆልፎ የሚመጣ በመሆኑ ነው፤ እኛ ወይም የምንጠቀምበት ሌላ ፓኬጅ (ለሌሎች እንዲውል የታተመ ላይብረሪ) ከዚያ የተለየ ስሪት ከጠየቅን ሥራው እዚያው ይቆማል። የፍላተር መተግበሪያዎች የሚጻፉበት የዳርት ቋንቋ የፓኬጅ አስተዳዳሪ የሆነውን ፐብን ለመገምገም ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አላገኘሁም።

በፐብ ሕግ አንድ መተግበሪያ ውስጥ የአንድ ፓኬጅ አንድ ስሪት ብቻ ይገባል። በጃቫስክሪፕት ዓለም ኤንፒኤም የተባለው አቻው ሁለት ስሪቶችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያልፋል፤ ፐብ ግን ሁሉንም ጠያቂዎች የሚያስማማ አንድ ቁጥር እስኪያገኝ ይፈልጋል፣ ካጣም እምቢ ይላል። መተግበሪያው የሚፈልጋቸው ፓኬጆች በሚዘረዘሩበት የፐብስፔክ ፋይል ውስጥ ከቁጥሩ ፊት የምናስቀምጠው የቆብ ምልክትም (^) ብዙዎች ከሚያስቡት በላይ ጥብቅ ነው። ከ1.2.3 ፊት ሲቀመጥ ከዚያ ጀምሮ ከ2.0.0 በታች ያለውን ሁሉ ይፈቅዳል፤ ከ0.18.0 ፊት ሲቀመጥ ግን የሚፈቅደው ከ0.19.0 በታች ያለውን ብቻ ነው። ኢንትል ገና በዜሮ የሚጀምር ቁጥር ላይ በመሆኑ፣ ከ0.18 ወደ 0.19፣ ከዚያም ወደ 0.20 ሲሸጋገር፣ ለውጡ ትንሽ ቢሆንም እንኳ፣ በርካታ ፓኬጆች በአንድ ጊዜ ከመስመር ወጡ።

የፐብ ትልቁ ብልጫ የሚታየው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። የስህተት መልእክቱ «አልተቻለም» ብሎ አያበቃም፤ ፍላተር ሎካላይዜሽንስ ኢንትል 0.19.0ን እንደሚፈልግ፣ በዚህም ምክንያት 0.19.0 ግዴታ እንደሚሆን፣ መተግበሪያው ግን ከ0.19.0 በታች ያለውን እንደጠየቀና ሁለቱ ሊስማሙ እንዳልቻሉ ደረጃ በደረጃ ያስረዳል። በቅርብ ስሪቶቹም ሊሞከር የሚገባውን ትእዛዝ ከመልእክቱ ሥር ይጽፋል። ይህን የሚያደርግለት እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነው ፐብግራብ የተባለው ስልተ ቀመር ነው። ፐብግራብ በፍለጋው መሐል አብረው የማይሄዱ ስሪቶችን ሲያገኝ ምክንያቱን መዝግቦ ስለሚይዝ፣ ተመልሶ ያንኑ መንገድ አይሞክርም፤ የተመዘገበውም ምክንያት በኋላ ለሰው የሚነበብ ማብራሪያ ይሆናል። የስዊፍት ፓኬጅ ማኔጀርና የፓይተን ፓኬጅ አስተዳዳሪው ዩቪም ይህንኑ ስልት መርጠዋል።

ለኢንትል ጉዳይ መፍትሔው አጭር ነው። ቁጥሩን ፍላተር ስለሚወስነው፣ በመተግበሪያው ፐብስፔክ ውስጥ ማንኛውንም ስሪት እንደሚቀበል መጻፍ በቂ ነው፤ የፍላተር መመሪያም ይህንኑ ይመክራል። በነገራችን ላይ ኢንትል የወሮቹን ስም በአማርኛ ፊደል ቢጽፍም የሚቆጥረው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነውና፣ መስከረምንና ጳጉሜን ማሳየት የሚፈልግ ሰው ሌላ ፓኬጅ መጨመር አለበት፤ የጨመረው ፓኬጅ በፈንታው ኢንትልን በጠባብ ገደብ ከጠየቀ ግጭቱ በሌላ በር ተመልሶ ይገባል።

ግጭቱን ያመጣው የሌላ ሰው ፓኬጅ ሲሆን በቅድሚያ የምጠቀመው ፐብ አውትዴትድ የሚባለውን ትእዛዝ ነው። ሠንጠረዡ አራት ዓምዶች አሉት፦ አሁን ያለውን ስሪት፣ በፐብስፔክ ገደብ ውስጥ ሊደረስበት የሚችለውን፣ ገደባችንን ብናላላ ሊስማማ የሚችለውን፣ እንዲሁም የመጨረሻውን። መታየት ያለበት ሦስተኛው ዓምድ ነው። እርሱ ከአራተኛው ካነሰ፣ ወደ ኋላ የሚጎትተን የራሳችን ገደብ ሳይሆን ከሌላ ፓኬጅ ወይም ከፍላተር የመጣ ነው ማለት ነው። ሠንጠረዡ ግን የያዘን ማን እንደሆነ በስም አይነግርም፤ ያንን ለማወቅ ፐብ ዴፕስ የተባለው ትእዛዝ የሚያወጣውን የፓኬጆች ዝርዝር በዓይን መፈለግ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ጥሩ ማብራሪያ መጻፍ ከሚችል መሣሪያ ይህ ጉድለት አይጠበቅም ነበር።

የመጨረሻው አማራጭ ዲፔንደንሲ ኦቨርራይድስ የተባለው የፐብስፔክ ክፍል ነው። እዚያ የተጻፈ ስሪት የማንንም ገደብ ሳይጠይቅ ይገባል፤ የሚሠራውም በዋናው መተግበሪያ ውስጥ ሲጻፍ ብቻ ነው። ዳርት ሁሉንም ፓኬጆች ከምንጭ ኮዳቸው አንድ ላይ ስለሚያጠናቅር፣ የተሰረዘ ተግባር የሚጠራ ፓኬጅ ካለ ግንባታው ላይ ወዲያው ይታወቃል። ስሙ ሳይለወጥ አሠራሩ ብቻ የተለወጠ ተግባር ግን ያለ ማስጠንቀቂያ ያልፋል። ስለዚህ ገደቡን የጻፈው ፓኬጅ የሚነካቸውን የመተግበሪያውን ገጾች ከፍቶ ሳይፈትሹ ኦቨርራይድ መተው አደገኛ ነው።

የፐብ ሥልጣን ዳርት ላይ ያበቃል፤ ዋናው ቅሬታዬም ይኸው ነው። በርካታ የፍላተር ፕለጊኖች (መተግበሪያውን ከስልኩ አገልግሎቶች ጋር የሚያገናኙ ፓኬጆች) የአንድሮይድ ላይብረሪዎችን ይዘው ይመጣሉ፤ የእነዚያን ስሪት የሚወስነው የአንድሮይድ መተግበሪያ መገንቢያ የሆነው ግሬድል ነው። ግሬድል ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ሲጠየቁ፣ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው በስተቀር፣ ትልቁን መርጦ ዝም ይላል። ላይብረሪዎቹ ቀድመው የተጠናቀሩ ስለሆኑም፣ በአዲሱ ስሪት የተሰረዘ ተግባር መታጣቱ የሚታወቀው መተግበሪያው በተጠቃሚው ስልክ ላይ ሲዘጋ ሊሆን ይችላል። ፐብ ሁሉም ነገር እንደተስማማ ከዘገበ በኋላ ግንባታው «የተደጋገመ ክላስ» በሚል ስህተት ሲቆም ያየ ሰውም ብዙ ነው። የታወቀው ምሳሌ የኮትሊን ቋንቋ መሠረታዊ ላይብረሪ ነው፤ ከ1.8.0 ጀምሮ ቀድሞ ጄዲኬ7 እና ጄዲኬ8 በሚሉ መጠሪያዎች ለብቻ ይታተሙ የነበሩትን ክፍሎች በውስጡ ስላጠቃለለ፣ አንድ አሮጌ ፕለጊን የቀድሞውን ክፍል በ1.6 ወይም በ1.7 ስሪት ይዞ ሲመጣ አንዱ ክላስ ሁለት ቦታ ይገኛል። በግሬድል ፋይሉ ውስጥ የኮትሊንን ቦም (የክፍሎቹን ስሪት የሚዘረዝር ሰነድ) በአዲሱ ስሪት መጨመር ሁሉንም ክፍሎች በአንድ ቁጥር ያሰልፋቸዋል። አሮጌውን ያመጣው ማን እንደሆነ ለማወቅ የግሬድል ዲፔንደንሲ ኢንሳይት ትእዛዝ ጥሩ ነው፤ ጽሑፉ ግን ለለመደ ሰው እንጂ ለጀማሪ የሚነበብ አይደለም። በአይፎን በኩል ላይብረሪዎችን የሚያስተዳድረው ኮኮፖድስ ቢያንስ እምቢታውን በግልጽ ይናገራል።

ኢንተርኔት ለሚቆራረጥበትና ዳታ በብር ገዝቶ ለሚሠራ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ፐብ ያወረዳቸውን ፓኬጆች በኮምፒውተሩ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ ኦፍላይን የሚለውን አማራጭ በመጨመር ያለ ግንኙነት ማስማማት ይቻላል። የተመረጡት ስሪቶች የሚመዘገቡበት የሎክ ፋይል ከኮዱ ጋር በጊት ከተቀመጠ ደግሞ የሥራ ባልደረባ የሚያገኘው እኛ የሞከርናቸውን ስሪቶች ነው። ግሬድል ግን የራሱን ላይብረሪዎች ለብቻው የሚያወርድ በመሆኑ፣ ለእርሱም የራሱን ኦፍላይን አማራጭ መስጠት ያስፈልጋል፤ አንዱን አዘጋጅቶ ሌላውን የረሳ ሰው ግንባታው መሐል ላይ ይቆምበታል።