ለአባቴ ማድወሪያ የገዛሁት የዲናሞ ፍጥነት መቆጣጠሪያ፣ ከስምንት ወር በኋላ

ይሄ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ቦርድ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያው ዕድሜ አስር ሰከንድ አይሞላም፤ ጭሱን አውጥቶ አረፈ። ግማሹ ጥፋት የኔ ስለሆነ ሻጩን ብቻ አልወቅስም፣ ግማሹን ግን እወቅሰዋለሁ።

አባቴ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነው። ድወራ፣ ማለትም ክሩን ቀሰም በሚባለው መጠቅለያ ላይ መጠቅለል፣ የልጅ ሥራ ስለሆነ እኔም ከትምህርት ቤት መልስ ቀሰም ስሞላ ነው ያደግኩት። አሁን ሁላችንም ከቤት ወጥተናል። እሱ አንድ ቀሰም ባለቀ ቁጥር ከሚሸምንበት ጉድጓድ ወጥቶ ራሱ ይደውራል፣ ጉልበቱን ደግሞ ያመዋል። እኔ ሞባይል ጠጋኝ ነኝ፤ ለዚህ መላ ካጣሁ ለምን ልሠራ ነው ብዬ፣ ከተጣለ ፕሪንተር የወጣ ባለ 24 ቮልት ዲናሞ መርካቶ ካለው ምናለሽ ተራ ገዛሁና ዘንጉ ላይ ቀሰም የሚሰካበት ነገር ሠራሁለት። ኃይል የሚሰጠው ከዩፒኤስ የሚወጣው ዓይነት ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ነው። መብራት ሲሄድ ሥራ አይፈታም።

ዲናሞውን በቀጥታ ባትሪው ላይ ስሰካው በግማሽ ቮልቱም ቢሆን በረረ፣ ክሩም ብጥስ አለ። ድሩ የፋብሪካ ነው፣ ማጉ ግን የእጅ ፈትል ነው። አንድ ቦታ ይወፍራል፣ አንድ ቦታ ይሳሳል፤ ድንገት ሲስቡት በስሱ በኩል ይለቃል። አባቴ የተበጠሰውን ጫፍ በጣቶቹ እያሸ ቀጠለና «ይሄ ነገር ክር ይበላል» ብሎ ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ።

መጀመሪያ በመሃል የመኪና አምፖል አስገብቼ ሞክሬ ነበር። ፍጥነቱ ቀነሰ፣ ግን ጉልበቱም አብሮት ሄደ። ፈትሉ ትንሽ ሲይዝ ይቆማል፣ ሲለቀው ይፈተለካል። ለዚህ ነው ቦርዱን የገዛሁት። ቦርዱ እንደ አምፖሉ መንገዱን አያጠብም፤ ሙሉውን 12 ቮልት በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ያበራል፣ ያጠፋል። ማዞሪያውን ግማሽ ላይ ስታደርጉት ከጊዜው ግማሹን ብቻ ይበራል ማለት ነው። የእጅ ማድወሪያ መንኮራኩር መታ መታ ሲያደርጉት ሳይቆም እንደሚዞረው፣ ዲናሞውም መቋረጡን ሳያውቀው ይዞራል። ክሩ ሲከብድም በአምፖሉ ጊዜ እንደነበረው በቀላሉ አይሸነፍም።

የመጀመሪያው ቦርድ ትንሿ ባለ 2 አምፔር ነበረች። ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ የተጻፈው የሰሊጥ ፍሬ በምታክል ፊደል ነው፤ ሁለቱም ሽቦዎቼ ደግሞ ጥቁር ነበሩ። ገለበጥኩት። እንዲህ ያለ ቦርድ ሲገለበጥ አሠራሩ ራሱ ጠላት ይሆናል፦ ዲናሞው ሲቋረጥ የሚመልሰውን ምት ለመቀበል የተቀመጠው ዳዮድ (ኤሌክትሪክን ባንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) እና በሞስፌቱ (ኃይሉን የሚያበራና የሚያጠፋው ክፍል) ውስጥ ያለው ዳዮድ ተያይዘው ለባትሪው ቀጥታ መንገድ ይከፍቱለታል። ሻጩ «ፕሮቴክሽን አለው፣ አትፍራ» ብሎኝ ነበር። የለውም። ለመመለስ ስሄድ «የተቃጠለ አንመልስም» አለኝ፤ እሱስ እውነቱን ነው።

ሁለተኛው 450 ብር ወጣበት። ከ6 እስከ 28 ቮልት፣ 3 አምፔር ይላል። ማዞሪያው ላይ ማጥፊያም ስላለው ወደ ግራ እስከ መጨረሻ ሲዞር ቀጭ ብሎ ይጠፋል። አባቴ ይቺን «ቀጭ» ይወዳታል፤ መጥፋቱን ሳያይ ያውቃል።

ሦስት አምፔር የሚለውን ግን እንዳለ አትቀበሉ። በቴስተር ለካሁት፦ ባዶውን ሲዞር 0.3 አምፔር፣ ሲደውር 0.7 ይወስዳል። በዚህ ቦርዱ እጅ ላይ እንኳን አይሞቅም። ዘንጉን በጣቴ ይዤ ሳቆመው ግን ከ4 አለፈ። ቆሞ የተያዘ ዲናሞ ሲዞር ከሚወስደው ብዙ እጥፍ ይስባል፣ ይሄ የሁሉም ጠባይ ነው። የኛ ቤት ችግር ደግሞ አባቴ ክር ሲጠላለፍበት ማዞሪያውን አይነካም፤ ቀሰሙን ጨብጦ ነው የሚያቆመው። ዕድሜ ልኩን መንኮራኩር ያቆመው በእጁ ነዋ! አንድ ቀን ሞስፌቱ የተቃጠለ ፕላስቲክ መሽተት ሲጀምር ደረስኩና አሉሚኒየም ቁራጭ አሰርኩለት፣ ባትሪው መስመር ላይም ባለ 2 አምፔር ፊውዝ ጨመርኩ። በሳምንቱ ስመጣ ፊውዙ በሲጋራ ብር ወረቀት ተጠቅልሎ አገኘሁት።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ቤቱን ያቃጥላል።»

«ሥራ አስፈታኝ፣ ምን ላድርግ?»

አሁን አስር መለዋወጫ ፊውዝ በቆርቆሮ አስቀምጬለታለሁ። ሦስቱን ተጠቅሟል።

ትልቁ ቅሬታዬ ማዞሪያው ላይ ነው። የመጀመሪያው ሩብ ምንም አይሠራም። ዲናሞው ሲንን የሚል ድምፅ ብቻ ያሰማል፣ አባቴ «ትንኟ መጣች» ይላል፣ ከዚያ ድንገት ዘሎ ይነሳል። ዲናሞው ከቆመበት ለመነሳት ከሚዞርበት የበለጠ ጉልበት ስለሚፈልግ ነው፤ የቦርዱ ጥፋት ብቻ አይደለም። ግን ለእጅ ፈትል ክፉዋ ሰዓት ያቺ ናት። መላው፣ ባዶውን አስነስቶ ወደ ኋላ መመለስ ነው፤ አንዴ ከዞረ በኋላ ዝግ አድርጋችሁ ብታወርዱትም አይቆምም። አባቴ ይሄን ከኔ ቀድሞ ነው ያገኘው። አሁን ቀሰሙን ሰክቶ ያስነሳል፣ ዝቅ ያደርጋል፣ ከዚያ ነው የክሩን ጫፍ በምራቁ አርሶ የሚያስነካው። ክሩ ራሱን ይይዛል።

የአባቴ ሬዲዮስ? ማድወሪያው በተነሳ ቁጥር ዜናው በጩኸት ይዋጥ ነበር። ከዲናሞው ሁለት እግሮች መካከል ጩኸቱን የሚውጥ ባለ 100 ናኖፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተር በየድኩና፣ ከቦርዱ የሚመጡትን ሁለት ሽቦዎች አጠማዘዝኳቸው። ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፣ ግን ዜናው ይሰማል፤ ከሳንቲም የማይበልጥ ዕቃ ነው ይህን የሠራው።

ሌላው የጎደለው፣ ባትሪው ሲደክም ራሱ አያጠፋም። እስከ መጨረሻው ያሟጥጠዋል፣ እንዲህ ያለ ባትሪ ደግሞ ተሟጦ ከሰነበተ አይመለስም። ትንሽ የቮልት ማሳያ ለጥፌ «11.5 ሲል አቁም» አልኩት፣ ያቆማል። ባትሪው ሲወርድ ፍጥነቱም አብሮ ይወርዳል፤ ቦርዱ ዲናሞው በስንት እንደሚዞር የሚያውቅበት መንገድ የለውም፣ የተሰጠውን ይቆራርጣል እንጂ። እኛን አልጎዳንም፣ አባቴ ትንሽ ከፍ ያደርገዋል።

ማን ይግዛው? ባለ ሁለት ሽቦ ትንሽ ዲናሞ ያለው ሰው። ዲናሞውን ጨብጣችሁ አቁማችሁ ስንት አምፔር እንደሚስብ ለኩ፣ ቦርዱን ከዚያ በላይ ግዙ፣ ፊውዝ አትርሱ። ባለ ሦስት ሽቦ ብሩሽ አልባ ዲናሞ ላይ ግን አትሞክሩት፣ የራሱ ዓይነት መቆጣጠሪያ ያስፈልገዋል። ቦርዱ ዲናሞውን ወደ ኋላም አያዞርም።

ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል። ማዞሪያው ባይሆን አራት ነበር።

ባለፈው እሁድ የአባቴ ጎረቤት፣ እሳቸውም ሸማኔ ናቸው፣ ደጁ ላይ ጠበቁኝና «የኔስ መቼ ነው?» አሉኝ። ዲናሞውን አግኝቼላቸዋለሁ። ቦርዱን ግን ባለ 10 አምፔሩን ነው የምገዛላቸው፤ የሲጋራ ብር ወረቀት እሳቸውም ቤት አይጠፋም።